ከአምባው ማን ይወርዳል? የአትሌት አመራረጥ፣ አስተዳደግና ድጋፍ በኢትዮጵያ

በስፖርት ተሰጥኦን መለየት የሚባለው ሥራ ከትንበያ ይቆጠራል። ዛሬ ማን እንደሚቀድም ለማወቅ ሰዓት መያዝ ይበቃል፤ የሚከብደው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሲሮጥ አይቶ ከስምንትና ከዐሥር ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ መገመት ነው። ግምቱ ቢሰምርም ልጁ በራሱ አያድግም። የሚያሠለጥነው፣ የሚያበላው፣ ሲጎዳ የሚያሳክመው፣ ወደ ውድድር የሚያደርሰው ይፈልጋል። መለየት፣ ማሳደግና መደገፍ በመጻሕፍት በየምዕራፋቸው ተነጣጥለው ይቀርባሉ፤ ሜዳ ላይ ግን አንዱ ሲጎድል የሌሎቹ ድካም ውኃ ይበላዋል።

መለየት በሁለት መንገድ ይካሄዳል። አንዱ ልኬት ነው፦ ቁመት፣ የክንድ ርዝመት፣ የልብና የሳንባ አቅም፣ የጡንቻ ጉልበት እየተለካ ልጁ ለየትኛው ስፖርት እንደሚመች ይወሰናል። አውስትራሊያ በ1976 እ.ኤ.አ. ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ያለ አንድ ወርቅ ከተመለሰች በኋላ በ1981 ብሔራዊ የስፖርት ተቋም ያቋቋመችው ነገሩን በሳይንስ ለመያዝ ብላ ነው። ብሪታንያ በ2007 እ.ኤ.አ. ረጃጅም ወጣቶችን በአዋጅ ስትፈልግ ከቀረቡት መካከል ሄለን ግሎቨር የምትባል ወጣት ነበረች። የጀልባ ቀዘፋን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ በቀዘፋ ወርቅ አጠለቀች።

ሌላው መንገድ ውድድሩ ራሱ ነው። ብዙ ልጆች ይሮጣሉ፣ ከፊት የወጡት ይያዛሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ፣ እንደገና ይጣራሉ። ኢትዮጵያ የሄደችው በዚህ ነው፤ ላቦራቶሪ ስላልነበራት እንጂ አመዛዝና አልነበረም። ይህ የውድድር ወንፊት ወጪው ትንሽ ነው፣ ብዙ ሰው ያቅፋል፣ ለሩጫም ከማንኛውም ስፖርት ይልቅ ይስማማል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ወደ መነሻው መስመር ያልመጣውን ልጅ አያየውም።

ወንፊቱን መጀመሪያ የያዘው ሠራዊቱ ነበር። አበበ ቢቂላ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በጃቶ ተወልዶ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ለሩጫ ብሎ አልነበረም፤ ክቡር ዘበኛ ሲገባ ግን የስዊድን ዜጋ የሆኑት አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አገኙት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ማሞ ወልዴም ከክቡር ዘበኛ ወጣ፤ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ የወሰደው ምሩጽ ይፍጠር ከአየር ኃይል። እነዚህ ሰዎች ከሠራዊት የተገኙት ሠራዊት ውስጥ ተሰጥኦ ስለሚበዛ አይመስልም። ቁርስ፣ ምሳና እራት በሰዓቱ የሚገኝበት፣ ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ልምምድ የሥራ አካል የሆነበት፣ በየክፍሉ መካከል ቋሚ ውድድር የሚደረግበት ሌላ ቦታ በጊዜው ስላልነበረ ነው። መለየቱ፣ ማሳደጉና መደገፉ በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የመጣው ወንፊት ትምህርት ቤት ነው፤ ምሳሌውም በቆጂ። በአርሲ፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለችው ከዚህች ትንሽ ከተማና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና እህቶቿ፣ ቲኪ ገላና ወጥተዋል። ከሕዝብ ብዛት አንጻር በኦሊምፒክ ወርቅ የምትወዳደራት ሌላ ከተማ በዓለም ላይ መኖሯ ያጠራጥራል። ከእነዚህ ሯጮች የበርካታዎቹ የመጀመሪያ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆነው ከሐረር ወደ በቆጂ የመጡ ሰው። የእርሳቸው ሥራ ለትምህርት ቤቱ ውድድር ከመጡት ልጆች ውስጥ የሚሆኑትን መርጦ በማለዳ ወደ ሜዳ ማውጣት፣ በዓመቱም በሚቀጥለውም ዓመት ያንኑ መድገም ነበር። የበቆጂ ምስጢር ሲፈለግ የሚጠቀሱት አየሩ፣ ገብሱና ወተቱ ናቸው። ለሠላሳ ዓመት ያህል አንድ ቦታ የቆየ አንድ መምህር ግን ከገብሱ በፊት ሊጠቀስ ይገባል።

ሯጮቹ ከየትና ለምን እንደሚወጡ በቁጥር የመረመሩ አሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 114 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከማራቶን ሯጮቹ 73 በመቶው ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ሲሆን ከሌሎቹ ሰዎች ግን የዚያ አካባቢ ተወላጆች 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከማራቶን ሯጮቹ 68 በመቶው በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱት እየሮጡ ነበር፤ ከሌሎቹ እንዲህ ያደረገው ከአራት አንድ ያህል ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ ዙሪያ 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ 10 ኪሎ ሜትር ይመለስ ነበር፤ ዓለም ያየው የግራ ክንዱ አጣጠፍ ከደብተር መያዝ የቀረ ነው ይባላል። የዘር ጉዳይ ሲመረመር ደግሞ፣ በእናት በኩል የሚወረሰው የዘረ መል ክፍል በሯጮቹና በተቀረው ሕዝብ መካከል ልዩነት አልታየበትም። ይህ ማለት ውርስ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ሰውነት ለልምምድ የሚሰጠው ምላሽ እስከ ግማሽ ገደማ በቤተሰብ የሚወረስ መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ያለው ውርስ ግን ለአንድ ወረዳ ወይም ለአንድ ብሔር ተለይቶ የተሰጠ ስለ መሆኑ ማስረጃ አልተገኘም።

ከፍታው የሚሠራው ሥራ የታወቀ ነው። አየሩ ሲሳሳ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ትጨምራለች፤ መቅኔም ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፤ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ያድጋል። ይሁንና ከፍታ ብቻውን ሻምፒዮን ቢያወጣ ኖሮ ከበቆጂ ጋር የሚፎካከሩ ብዙ ቦታዎች በኖሩ። በደቡብ ወሎ የአምባሰሉ ግሸን አንዱ ነው። የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው፤ መስከረም 21 ቀን ለደብረ ከርቤ ማርያም የሚመጣው ምእመን ዳገቱን የሚወጣው እያለከለከ ነው። የአካባቢው ልጅ ግን ያንኑ ዳገት እንስራ ተሸክሞ ወይም ፍየል እየነዳ በየቀኑ ይወጣዋል። ሳንባውና እግሩ ከበቆጂ ልጅ ያንሳል ብሎ ለማመን ምክንያት የለም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ይገኛል። አንደኛው መሬቱ ራሱ ነው፦ የአርሲ ደጋ ረጋ ያለ ሜዳና የግጦሽ መስክ ስለሆነ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ያስሮጣል። የአምባሰል መሬት ገደልና ቁልቁለት ነው፤ በገደል ላይ ይወጣል፣ ይወረዳል እንጂ አይሮጥም። ሌላው፣ ክብደቱም የሚበልጠው፣ ከልጁ እስከ ክለቡ ያለው መንገድ ነው። በቆጂ ላይ አንድ ልጅ ጥሩ ሲሮጥ የሚያየው መምህር አለ፤ መምህሩ የሚያውቀው ክለብ አለ፤ ክለቡ ውስጥ የታላቅ እህቱ ጓደኛ አለች። አንዱ የሄደበትን ሌላው ይከተላል። ደራርቱ ለጥሩነሽ ዘመድ ናት፤ ጥሩነሽ ለታናሽ እህቷ ለገንዘቤ ምሳሌ ሆነች። መንገዱ የሌለበት አገር ልጆች እየሮጡ ያድጋሉ፣ ማንም ሳያያቸውም ይቆማሉ።

ግሸን በታሪክ የሌላ ዓይነት ምርጫ ቦታ እንደነበረ እዚህ ላይ ማስታወስ ይቻላል። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች በአምባው ላይ ይጠበቁ ነበር፤ ንጉሥ ሲሞት ሹማምንት ከመካከላቸው አንዱን ያወርዱ ነበር። ዘርአ ያዕቆብና ናዖድ ከዚህ ወርደው ነው የነገሡት። የመራጮቹ ሥራ ቀላል አልነበረም፣ ነገር ግን እጩዎቹ ጥቂትና የታወቁ ነበሩ። የአትሌት መራጭ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። አምባው ላይ ማን እንዳለ አያውቅም።

ልጁ ፊቱ ከመጣ በኋላም መራጩ ይሳሳታል፤ ትልቁ የስሕተት ምንጭ ዕድሜ ነው። ቀድሞ የጎረመሰ ልጅ ከእኩዮቹ ይረዝማል፣ ይጠነክራል፣ ይቀድማል። በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ከቡድኖቹ ውስጥ እጅግ እንደሚበዙ አሳየ፤ ምክንያቱ የጥቂት ወራት ብልጫ በልጅነት ትልቅ መስሎ ስለሚታይ ነበር። በኢትዮጵያ ገጠር የልደት ቀን በማይመዘገብበት ሁኔታ ልዩነቱ የወራት ሳይሆን የዓመታት ሊሆን ይችላል። በታዳጊዎች ውድድር ዕድሜ መቀነስ በግልጽ የሚነገር ችግር ነው። ዕድሜው የተቀነሰለት ወጣት ሜዳሊያ ያገኛል፤ የእውነተኛው ታዳጊ ቦታ ግን ተወሰደ፤ ያ ታዳጊ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ የሚከታተል የለም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ግኝት አለ። በዓለም ደረጃ ቁንጮ የሆኑ አትሌቶች ከአገር አቀፍ ደረጃ ካልዘለሉት ሲነጻጸሩ በልጅነታቸው ብዙ ዓይነት ስፖርት የሠሩ፣ ዋናውን ዘግይተው የያዙና መጀመሪያ ላይ ዝግ ብለው ያደጉ ሆነው ተገኝተዋል። ትዕግሥት አሰፋ በሪዮ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው በ800 ሜትር ነበር፤ ማጣሪያውን አላለፈችም። ዓመታት አልፈው፣ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ለተሰንበት ግደይ ደግሞ በልጅነቷ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ብላ ከትምህርት ቤት እስከ መባረር ደርሳ እንደነበር ተናግራለች። የመጀመሪያዋን በ800 ሜትር ሰዓቷ፣ ሁለተኛዋን በልጅነት ፍላጎቷ የሚመዝን አሠልጣኝ ሁለቱንም ያጣቸው ነበር።

ማሳደግ ረጅም መንገድ ነው፤ በኢትዮጵያ ቅርጹ በግምት እንዲህ ነው። ልጁ በትምህርት ቤት ወይም በወረዳ ውድድር ይታያል፤ በአካባቢው የታዳጊ ፕሮጀክት ካለ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ከማዕከሉ ወደ ክለብ፣ ከክለብ ወደ ብሔራዊ ቡድን ይሸጋገራል። አሰላ ላይ የጥሩነሽ ዲባባ አትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ በቆጂም የራሷ አላት። በአማራ ክልል በደብረ ብርሃን፣ በጉና፣ በቲሊሊ እንዲሁም በደቡብ ወሎ በተንታ ማዕከላት ተቋቁመዋል። ለአምባሰል ልጅ የሚቀርበው ተንታ ነው። ክለቦቹ ደግሞ በአብዛኛው የመንግሥት ናቸው፦ መቻል፣ ኦሜድላ፣ ፌዴራል ማረሚያ፣ ንግድ ባንክ፣ ኤሌክትሪክ። የአበበ ዘመን አሠራር አልጠፋም ማለት ነው፤ ሯጭ አሁንም በብዛት የደመወዝተኛ ዝርዝር ውስጥ ነው የሚያድገው።

ልምምዱ ራሱ ከመጻሕፍት ያልተቀዳ የአገር እውቀት አለበት። በእንጦጦና በሱሉልታ የባሕር ዛፍ ጫካ ሯጮች ተሰልፈው፣ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ፣ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ፤ መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ ጉልበት አይጎዳም፣ መጠማዘዙም ፍጥነትን በራሱ ይቆጣጠራል። ለፍጥነት ልምምድ ወደ ዝቅተኛ ቦታ፣ ወደ አቃቂና ወደ ደብረ ዘይት ይወረዳል። ማይክል ክራውሊ የተባለው አንትሮፖሎጂስት አዲስ አበባ ተቀምጦ አብሯቸው እየሮጠ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ብቻውን የሚሮጥ ሰው በሯጮቹ ዘንድ እንደ ራስ ወዳድ የሚታይ መሆኑ ነው። ማሳደግ የቡድን ሥራ ነው፦ ጠዋት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ፊት ሆኖ ፍጥነት የሚይዝ፣ የሳምንቱን ወጪ የሚጋራ ጓደኛ ሳይኖር ብዙዎቹ አንድ ዓመት አይቆዩም። ከፍ ባለ ቦታ መኖርና ዝቅ ባለ ቦታ መፍጠን ደግሞ በላቦራቶሪ ጭምር የተደገፈ ዘዴ ነው። ደቡብ ወሎ በዚህ ረገድ የታደለ ነው፤ ከ3,000 ሜትሩ ደጋ እስከ 1,850 ሜትር ገደማው ኮምቦልቻ የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም።

ይህ ሰንሰለት በቀላሉ ይበጠሳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቀረው ትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ቤቶች ውድድርም ይቀራል፤ የዚያ ዓመት ልጆች በወንፊቱ ሳያልፉ ያድጋሉ። በአትሌቲክስ የአንድ ዓመት ክፍተት የሚታየው ከስምንትና ከዐሥር ዓመት በኋላ ስለሆነ መንስኤውን የሚያስታውስ አይገኝም።

የመጨረሻው ማጣሪያ ብሔራዊ ቡድን ነው። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከሦስት ሰው በላይ አያሰልፍም፤ በዓለም ፈጣን ከሆኑት ዐሥር ሰዎች አራትና አምስቱ የአንድ አገር ሲሆኑ የሚቀሩት ቅሬታቸው መሠረት አለው። የአዲስ አበባ ከፍታ የረጅም ርቀት ሰዓትን ስለሚያዘገይ የአገሪቱ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ማጣሪያውን ወደ ሆላንድ፣ ሄንግሎ የወሰደባቸው ዓመታት አሉ። ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በተደረገው ማጣሪያ ላይ ለተሰንበት 10,000 ሜትርን በ29:01.03 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ማጣሪያ ሆኖ ክብረ ወሰን የሚሰበርበት አገር ብዙ አይደለም።

ማራቶን ላይ እንዲህ ያለ የአንድ ቀን ማጣሪያ አይቻልም፤ ምርጫው በሰዓት፣ በቅርብ ጊዜ ውጤትና በአሠልጣኝ ፍርድ ነው። ፍርዱ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ የፓሪሱ ኦሊምፒክ ታሪክ ያሳያል። ታምራት ቶላ የ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን ቢሆንም ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም፤ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተጠራ፤ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ፤ ለኢትዮጵያም በፓሪስ የተገኘው ብቸኛው ወርቅ ሆነ። ስለ አበበ ቢቂላም በሮም ሊሮጥ የነበረው ዋሚ ቢራቱ ነበር፣ አበበ ተተክቶ ሄደ እየተባለ ይተረካል፤ ዝርዝሩ ግን በተራኪው ይለያያል። ተጠባባቂውን እንደ ተወዳዳሪ አዘጋጅቶ ማቆየት እንግዲህ ከድጋፍ ሥራዎች ሁሉ ትርፍ የሚያስገኘው ሳይሆን አይቀርም።

ድጋፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከድል በኋላ የሚሰጠውን ሽልማት ነው። የሚያስፈልገው ግን ከድል በፊት ያለው ነው፦ የቤት ኪራይ፣ በቂ ምግብ፣ የመሮጫ ጫማ፣ የሐኪምና የወጌሻ አገልግሎት። ወደ ውጭ ውድድር የሚወስደው ማናጀር ነው፤ ከሽልማቱ በአብዛኛው 15 በመቶ ይወስዳል፤ ውሉን በማያውቀው ቋንቋ የሚፈርም የገጠር ልጅ ግን ብዙ ነው። ገንዘቡ በሚገኝበት መንገድ ላይ ደግሞ አበረታች መድኃኒት ይጠብቃል። ኩላሊት በተፈጥሮ የምታመነጨው ኤሪትሮፖይቲን በመርፌ ሲሰጥ ዋናው ማታለያ ይሆናል። በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ቁጥጥራቸው ደካማ ነው ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ የአገሪቱ የጸረ አበረታች መድኃኒት ተቋም ከዚያ ወዲህ ነው የተጠናከረው።

ሴት ልጅ ስትሆን ድጋፉ ከቤት ይጀምራል፤ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙና ያለ ዕድሜ ጋብቻው ከልምምዱ በፊት ይመጣሉና። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ከጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ በየገጠሩ የብዙ አባቶች ሐሳብ ተለወጠ። ከወለደች በኋላ ተመልሳ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ያንኑ ወርቅ ደገመች። ድጋፍ በሌላ አገር ሲገኝ ደግሞ ተሰጥኦ ይሄዳል። ሲፋን ሐሰን ከአዳማ ወጥታ በ15 ዓመቷ ሆላንድ ደረሰች፤ ነርስነት እየተማረች ሩጫ ጀመረች፤ በፓሪስ ማራቶን ከትዕግሥት አሰፋ በሦስት ሰከንድ ቀድማ ገባች።

ከሁሉም የሚረሳው ሩጫው ሲያልቅ የሚሆነው ነው። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ፤ በ1962 ዓ.ም. በዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳደረ፤ እስኪሞትም የክቡር ዘበኛ ሻምበል ነበር። የዛሬ ሯጭ ውል ከጫማ ኩባንያና ከማናጀር ጋር ነው፤ ውሉም በአብዛኛው የሚቆየው እግሩ እስኪጎዳ ነው። ክለቦቹ በጡረታና በመደበኛ ሥራ በኩል የቀድሞውን አሠራር በከፊል ይዘዋል፤ ከማሠልጠኛ ማዕከል ወጥቶ ክለብ ያልቀጠረው ወጣት ግን፣ ቁጥሩም ከሻምፒዮኖቹ እጅግ የሚበልጠው፣ ወደ መጣበት ቀበሌ የሚመለሰው ትምህርቱን አቋርጦ በከፈላቸው ዓመታት ምትክ ምንም ሳይዝ ነው።